አገርን በአማካይ ማወቅ ይቻላልን?

ስለ ኢትዮጵያ የመሬት አቀማመጥ በቃል የሚወረደውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ራስ ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው፤ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘቅጣል፤ ስምጥ ሸለቆ ደጋውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ዓባይ ከጣና ይወጣል። ከዚህ በኋላ «አገራችን ልዩ ልዩ የአየር ጠባይ፣ ልዩ ልዩ ሰብልና ልዩ ልዩ ሕዝብ ያላት ናት» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ለፈተና ይህ ይበቃ ይሆናል። አገርን ለማወቅ ግን ይበቃል ወይ? እኛ በበኩላችን አይበቃም እንላለን። ምክንያታችንንም ከሩቅ አናመጣም፤ ከእግራችን ሥር፣ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ እናወጣዋለን።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ማዕዘን ተማሪ ይመደብባታል። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የመጣው ወንድማችን በመጀመሪያው ሳምንት በብርዱ ሲያማርር፣ ከላይ ጋይንት የመጣችው እኅታችን ነጠላዋን ብቻ ጣል አድርጋ ወጥታ ትስቅበታለች፤ ለእርሷ ይህ ሙቀት ነው። ሁለቱም «ደጋ» የሚለውን ቃል የተማሩት ከአንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ቆዳቸው ግን የተለያየ ነገር ይነግራቸዋል።

ነገሩን ከታች እንጀምር። ከጣና ዳር፣ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ መንገደኛ ያለበት ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ከወረታ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ከተጓዘ በኋላ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የጉናን ተራራ ቢወጣ ከ4,100 ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከሐይቁ እስከ ተራራው ራስ ያለው የከፍታ ልዩነት 2,300 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ጧት ሩዝ ከሚያጭድ ገበሬ ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው፣ ማታ ጓሣና ጅብራ በበቀለበት ውርጭ ውስጥ ሊያድር ይችላል። በሌላ አገር ይህን ያህል ለውጥ ለማየት ብዙ ወሰን መሻገር ያስፈልጋል።

ስለ ሩዙ ጥቂት እንበል። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ነው። ለብዙ ዘመን የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ እስከ ዛሬ አለ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጂግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝ እንዲዘራ ረዱ። ቀድሞ የመሬቱ ጉድለት ይባል የነበረው የውሃ መተኛት፣ ለሩዝ ሀብቱ ሆኖ ተገኘ። ከዝርያዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጂግና» እየተባለ የሚጠራው በዚያው ቀበሌ ስም ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ይገኛል። የአካባቢው ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ገለባውን ለከብት ይሰጣል። በየመጽሐፋችን «የወይና ደጋ ሰብል ጤፍ ነው» ብለን ስንሸመድድ፣ የወይና ደጋው ገበሬ ሌላ ገጽ ጽፎ ጨርሷል።

ወደ ላይ ስንወጣ ፋርጣ ነው። እዚህ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ነው የሚበላው። በቆየ ዘመን ያልነበረው ትሪቲካሌም ለምዷል። የአገሩ የቀድሞ ስም በጌምድር «የበግ ምድር» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ትርጉሙ ያከራክር ይሆናል እንጂ የፋርጣ በግ አያከራክርም። ከጉና ባሻገር ደግሞ ላይ ጋይንት አለ። ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው ከብዙ የጂኦግራፊ ደራሲ የተሻለ ሥራ ሠርቷል። ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲኬድ መሬቱ እየተሰነጠቀ ወደ በሽሎ ገደል ይወርዳል፤ ደጋው ሳይታሰብ ቆላ ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ ዞን ነው። ደቡብ ጎንደር ትርፍ አምራች ነው የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ምስክሩ ፎገራ ነው። ደቡብ ጎንደር የእህል እጥረት የማይለየው አገር ነው የሚልም እውነቱን ነው፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው ግን እውነቱን አይናገርም። የሚያገኘው ቁጥር በፎገራም በጋይንትም የማይኖር፣ ማንም ቤት ውስጥ የማይበላ እህል ነው።

አማካይ ቁጥር ሰው እንደሚጎዳ ታሪክ አሳይቶናል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እብናት ላይ ትልቅ መጠለያ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠረው ረሃብተኛ በባለ ሥልጣኖች ትእዛዝ ወደየቀዬው እንዲሄድ ተበትኖ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። እብናት ከፎገራ ሜዳ ብዙ አይርቅም። ከአንድ አገር ልጆች አንዱ በሐይቁ ዳር ከብቱን ሲያሰማራ ሌላው በቅርብ ርቀት በረሃብ የሚሞትበት ምክንያት ምንድን ነው? ዝናብ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ግን እንዲህ ብለው አላለፉትም። እርሳቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ገጠር የደረሰውን ረሃብ መርምረው፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው ከድርቁ ይልቅ የሚኖርበት ሥርዓት መሆኑን ተከራክረዋል። የጂኦግራፊ ትምህርት እዚህ ድረስ ካልወሰደን ሌላ የት ሊወስደን ነው?

አሁን ውሃውን እንከተል። ጉና ዛሬ ጸጥ ያለ ተራራ ይምሰል እንጂ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። የተቀመጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰው የደጋው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ወደ ምዕራብ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ሆነው ይወጣሉ። በሌላው ወገን የሚወርደው ውሃ በበሽሎ በኩል ያው ዓባይን ይቀላቀላል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን ወደ ተከዜ ይሄዳል። በአንድ ዝናብ አብረው የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በዚህ ደጋ ላይ ከተለያዩ በኋላ ዳግመኛ የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ በአትባራ ከተማ ነው። ይህን እያወቅን አሁንም የአገራችንን ክፍሎች ለየብቻ እንደተከመሩ ነዶዎች እንቆጥራቸዋለን!

ከውሃው ጋር አፈሩም ይወርዳል። ሰው በዝቶ እርሻ ሲጠበው የገብሱ ማሳ ወደ ጉና ሽቅብ ወጣ፤ አስታው ተመነጠረ፤ ጓሣው ተጋጠ። ይህን ያደረገውን ገበሬ የሚወቅስ ሰው አማራጩን አስቀድሞ ይንገረው። ይሁን እንጂ ከላይ የታጠበው አፈር በታች ወንዞቹን ይደለድላቸዋል፤ ወንዞቹም ከአልጋቸው ይወጣሉ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ በርብ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የግድቡን ዕድሜ የሚወስነው ከታች ያለው መሐንዲስ ሳይሆን ከላይ ያለው አራሽ ነው። አፈሩን ካልያዘው ግድቡ ውሃ ሳይሆን ጭቃ ያጠራቅማል።

ስለዚህ ግልጽ የሆነ አሳብ እናቀርባለን። የታችኛው አገር ለላይኛው ዕዳ አለበት። ከሩዙና ከመስኖው ከሚገኘው ጥቅም የተወሰነው ክፍል ተመልሶ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ እርከን ለሚሠራው፣ ዳገቱን ከማረስ ለሚታቀበው፣ ከብቱን ከጓሣው ለሚከለክለው የጉና ገበሬ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። የፎገራ ገበሬም ሀብታም አይደለም፤ ከእርሱ ላይ ምን ይወሰዳል የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ከደሃው መሶብ ይወሰድ አላልንም፤ በመስኖው ከሚነግደውና ከሚያተርፈው ይወሰድ ነው የምንለው። ሰውን «ችግኝ ትከል» እያሉ ከመምከር ይህ ይሻላል። ምክሩን ጉና ብዙ ጊዜ ሰምቶታል።

ግንኙነቱ የውሃና የአፈር ብቻ አይደለም። መሬት ያነሰው የደጋ ወጣት በየዓመቱ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ለጉልበት ሥራ ይወርዳል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ፣ የቆላ ነው ይባል የነበረው በሽታ ደጋ ላይ መታየቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በሽታው ከቆላው እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች እንደመጣ ይታመናል። በካርታው ላይ ቆላው በአንድ ቀለም፣ ደጋው በሌላ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀን ሠራተኛው እግር ግን ቀለም አይለይም።

ርቀትንም ቢሆን ካርታው በትክክል አይነግረንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀረጹትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ የወሰዱት በ1860 ዓ.ም. ነበር። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በጋይንት በጨጨሆ አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እየጠረጉ ወርደው እየወጡ፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። አሞራ በአንድ ቀን የሚጨርሰው አገር ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ያየ ሰው ያ ድካም ምን እንደነበር ይገባዋል። መንገዱ እህልና መድኃኒት አምጥቷል፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ሲመጣ ታይቷል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከፈተና ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኗል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። ብዙ ተማሪ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ነው። ያን መልሱልን ብለን አንጠይቅም፤ ጊዜውም መንገዱም አይፈቅድም። ደግሞስ ለምን እንላካለን? እኛው ራሳችን ከየወረዳው የተላክን ነን። ከጋምቤላ፣ ከቦረና፣ ከከምባታ፣ ከዋግ የመጣ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ምሳ እየበላ አንዱ ስለ ሌላው አገር የሚያውቀው በአማካይ ብቻ ከሆነ፣ አብሮ የመብላቱ ትርፍ ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ይህን ሥራ እንዲጀምር እናሳስባለን። ቤተሰቡ ዘንድ መሄድ የቻለ ሁሉ ስለ ገዛ ወረዳው ይጻፍ፤ መሄድ ያልቻለም ከሚያስታውሰው ይጻፍ። ከፍታውን፣ የሕዝቡን ቁጥርና «ውብና ማራኪ» የሚለውን ቃል ይተወው። ይልቁንስ ውሃው ከማን አገር እንደሚመጣና ወደ ማን እንደሚሄድ፣ እህል ከጎተራ የሚያልቀው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ሰው ለሥራ ወዴት እንደሚወርድ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት መንገድ እንደሚዘጋ፣ የአያቱ ማሳ የት ላይ እንዳበቃና የአባቱ የት ድረስ ሽቅብ እንደወጣ ይንገረን። የፋርጣው ከፎገራው ጋር፣ የቆላው ከደጋው ጋር እየተያየ ቢጽፍ ደግሞ የበለጠ ነው።

ጽሑፎቹ በዚህ መጽሔት ተራ በተራ ይወጣሉ። የማባዣ ወረቀት ተወዷልና ከአራት ገጽ ባይበልጡ ጥሩ ነው። የጋይንቷ እኅታችን የመጀመሪያውን ለመስጠት ቃል ገብታልናለች።