ፉሪ ያድራል፣ ንፋስ ስልክ ይውላል

ስንት ሠራተኛ በማኅበር ተደራጀ ሲባል መድረክ ላይ የሚነገረን አንድ ጥቅል ቁጥር ነው። ጨመረ ይባላል፤ ይጨበጨባል። ከስንቱ መካከል፣ በየትኛው ክልል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን የእኛን ክፍለ ከተማ እንይ። ከንፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ እስከ መካኒሳ አልኮል ፋብሪካ ባለው አካባቢ ማለዳ ወደ ሥራ ከሚጎርፈው መካከል፣ የቤት ኪራይ ገፍቶት ከፉሪ የሚመላለስ ሞልቷል። ፉሪ የሸገር ከተማ ነው፤ ክልሉም ኦሮሚያ። በፔሮል ላይ መዋጮ ከሚቆረጥበት ዝርዝር ከቆጠርነው ሰውዬው የአዲስ አበባ አባል ነው፤ ቤቱ ድረስ ሄደን ከጠየቅነው የኦሮሚያ። በሁለቱም ከደመርነው ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

አሜሪካኖች ቤተሰብን እየጠየቁ፣ ሰውን በሚኖርበት ግዛት ይመዘግባሉ። ከተቀጣሪው መካከል የማኅበር አባላት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1983 ከነበረበት 20.1 በመቶ በ2023 ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ውድቀቱ አያስቀናም። አርባ ዓመት አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቃቸው ግን ያስቀናኛል።

እኛ ዘንድ አካፋዩም አይጨበጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም፤ እሱን ደምረን ካካፈልን ድርሻው ያሽቆለቁላል። በአዋጅ 42/1985 በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 20 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር፤ በ377/1996 ወደ 10 ወረደ። ስለዚህ የ1990ን ቁጥር ከዛሬው ጋር ዝም ብሎ ማስተያየት አይቻልም። ደርግ ራሱ ያቋቋመውን የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን (መኢሠማ) የአባላት ብዛትማ ባንነካው ይሻላል።

ድርሻው ከፍ ማለቱም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። 200 ሠራተኛ፣ 100 አባል ያለው ፋብሪካ አባል ያልሆኑትን 100 ጊዜያዊ ሠራተኞች ቢያሰናብት፣ አንድ አዲስ አባል ሳይመዘገብ 50 በመቶው መቶ በመቶ ይሆናል!

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መዋቅር ከመሠረታዊ ማኅበር ወደ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን፣ ከዚያም ወደ ኮንፌዴሬሽን የሚወጣ ነው። ቁጥሩም በዘርፍ ተጠቃሎ ይሄዳል፤ የክልል ሥዕል ከፈለግን ለብቻው መሠራት አለበት። ከባድ አይመስለኝም። የመዋጮው ዝርዝር በየወሩ ይወጣል፤ የሥራ ቦታው ወረዳ፣ የመኖሪያው ወረዳና የድርጅቱ ጠቅላላ ሠራተኛ ብዛት ይጨመርበት፤ በየዓመቱም ይታተም። በኤጀንሲ ተቀጥረው በር ላይ የሚቆሙትን ጥበቃዎችና ግቢውን የሚያጸዱትን በማን ድርጅት ስም እንደሚመዘግቧቸው ግን ማኅበራቱ ቅጹ ሳይባዛ ይነጋገሩበት።