ታሪክ እንወቅ፦ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት

ሰው ያላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን ቢያትም ምን ይደርስበታል? የብድር ውል ነው ብሎ ያተመው ወረቀት የመሬት ሽያጭ ሊሆንበት ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ብቻ ሳይሆን በአገርም ይደርሳል።

በ1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውጫሌ ላይ ተዋዋሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። 17ኛው አንቀጽ ግን በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ አልነበረም። በአማርኛው፣ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራት፣ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል መላላክ ትችላለች። በኢጣልያንኛው ግን ብትፈልግም ባትፈልግም ግዴታዋ ነው። በዚህ ጠብ ተነሣ። ጠቡም በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በጦርነት ለየ። ኢትዮጵያ አሸነፈች። ግን ብዙ ሰው አለቀ።

ከድሉ በኋላ የመንግሥት ሥራ በዛ። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባ ገቡ። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ። ታዲያ ከውጭ የሚመጣውን ደብዳቤ ማን ያንብብ? ሒሳቡንስ ማን ይያዝ?

ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመክፈት አሰቡ። ተቃውሞ ግን ገጠማቸው። ካህናትና አንዳንድ መኳንንት፣ ልጆቹ የፈረንጅ ትምህርት ሲማሩ ሃይማኖታቸውን ይተዋሉ ብለው ሰጉ። እስከዚያ ድረስ የክርስቲያን ልጅ ፊደል የሚቆጥረው፣ ዳዊት የሚደግመው በቤተ ክርስቲያን ነበር።

በመጨረሻ መላ ተገኘ። መምህራኑ ከግብፅ ይምጡ ተባለ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነበር። የጊዜው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ግብፃዊ ነበሩ። መምህራኑ በሃይማኖት አንድ ስለሆኑ ስጋቱ በረደ።

በ1901 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። ግብፃዊው ሐና ሳሊብ መሪው ሆኑ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኢጣልያንኛ፣ ዓረብኛ፣ አማርኛ፣ ግዕዝና ሒሳብ ይሰጥ ነበር። የሰውነት ማጠንከሪያም ነበረ።

እነማን ገቡ? በመጀመሪያ የገቡት በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ናቸው። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ እዚያ ተምረዋል። የገበሬ ልጅ ግን ከብት ይጠብቅ ነበር። ሴት ልጅማ ከዚያም ብዙ ቆየች። ለሴቶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገሩን ሲይዝ ትምህርቱ ተቋረጠ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሥራ ጀመረ። ሁለተኛ ደረጃ ሆኖም ብዙ ትውልድ አስተማረ።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። 60,000 ያህል የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከሥራቸው አንዱ ፊደል ማስቆጠር ነበር። በከተማ የተጀመረው ትምህርት እንዲህ እያለ ከገበሬው ደጅ ደረሰ።

ውድ አንባቢያን፣ ለጥቂቶች የተከፈተ በር ለሁሉም እስኪሰፋ ብዙ ዘመን ፈጀ። እናንተ አሁን ገብታችኋል። ስለዚህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ጠይቁ። ያን ጊዜ ፈርሙ። ልጃችሁንም፣ ሴት ብትሆን ወንድ፣ ትምህርት ቤት ላኩ።

እንወያይ

1. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ለምን ጠብ አመጣ?
2. መምህራኑ ከግብፅ እንዲመጡ የተደረገው ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ሳያነብ ፈርሞ የተጎዳ ሰው አለ? ምን ደረሰበት?