የአሮጌ ቤት ጌጠኛ ጡብ

አንዲት እመቤት ከጉለሌ በጻፉልን ደብዳቤ፣ አባታቸው ባሠሩት የጡብ ቤት ላይ ከመስኮት በላይ በቅስት የተደረደሩት ጌጠኛ ጡቦች እየተፈረፈሩ መውደቅ እንደ ጀመሩ ገልጸው፣ «ልጄ ግድግዳው በሙሉ በስሚንቶ ይለሰን ይላል፤ እኔ ግን በሕይወት ሳለሁ የአባቴ ቤት ፊቱ እንዲሸፈን አልወድም፤ ምትኩን ከወዴት ላግኝ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

እኛም ሄደን ቤቱን አየነው። የተበላሹት ጡቦች 11 ናቸው። ሁሉም ባንድ መስኮት ላይ ያሉ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ መስኮቶች ላይ ያሉት ግን ትናንት የተሠሩ ይመስላሉ። ቀና ብለን ብንመለከት አሸንዳው በዚያ መስኮት አንጻር ተቀዶ ኖሮ የየክረምቱ ውሃ በዚያው ሲወርድ መክረሙን ተረዳን። ስለዚህ አሸንዳው ሳይጠገን ጡብ መግዛት ገንዘብን ለዝናብ መስጠት ነው ብለን ነገርናቸው፤ ልጃቸውም በዚህ ተስማማ።

ምትክ መፈለግ የሚጀመረው ከገበያ ሳይሆን ከዚያው ከቤቱ ነው። በጓሮ ባለው ማድቤት፣ ማንም በማያየው መስኮት ላይ፣ አፍንጫቸው ክብ የሆነ 4 ተመሳሳይ ጡቦች ተገኙ። ግምበኛው እነዚህን አውጥቶ በቦታቸው ተራ ጡብ ተካ።

ሁለተኛው መንገድ አሮጌ ቤት ከሚያፈርሱ ሰዎች መግዛት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋልና፣ ጡባቸው ሁሉ የት እንደ ደረሰ ስናስብ እናዝናለን። ገዢው ልኩን በወረቀት ጽፎ ከመሄድ ይልቅ አንድ ናሙና ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ነገር ግን ናሙናውን ከዋጋው በፊት ያሳየ እንደሆነ ዋጋው ወዲያው ከፍ ይላል። ጡቡ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ የተቃጠለ ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ግን ወይ ተሰንጥቋል ወይ እሳት አንሶታል። እመቤቲቱ በዚህ ዓይነት 4 ጡብ አገኙ።

የቀሩት 3 መሠራት ነበረባቸው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ጭቃው የሚደፈንበትን የእንጨት ሣጥን በአሮጌው ጡብ ልክ በማሠራቱ ነው። የሸክላ አፈር ሲደርቅም ሲቃጠልም ይኮማተራል። አፈሩ ከመቶ 10 እጅ የሚኮማተር ከሆነ፣ 22 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጡብ ለማግኘት ሣጥኑ 24 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መሆን አለበት። የአፈሩ ጠባይ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድሞ አንድ ሁለት ጡብ አቃጥሎ መለካት ግድ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ቅርጹን በእጃቸው አሳምረው ማውጣት ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ለጀበናና ለድስት የሚበቃው የሜዳ እሳት ዝናብ ለሚመታው ጡብ አይበቃምና፣ ማቃጠሉ በጡብ ፋብሪካ እቶን ቢሆን ይመረጣል።

ከጡቡ ይልቅ የሚያስፈራን ማያያዣው ነው። ለስላሳ አሮጌ ጡብ በጠንካራ ስሚንቶ የተያያዘ እንደሆነ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው እርጥበት በመጋጠሚያው መውጣት ስለማይችል በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ጨውንም ይዞ ሲወጣ የጡቡን ፊት ይልጠዋል። በኖራ የተገነባው የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ ጣሊያኖች ከተማውን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን በስሚንቶ ተጠግኖ ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ስሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካት ግዴታ ሆኖባቸዋል። ግምበኛው 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር እንዲያቦካ ነገርነው። ሥራው ይዘገያል ብሎ ጥቂት አጉረመረመ።

ቤታቸው በቅርስነት የተመዘገበ አንባቢዎች፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አይርሱ።

ይህን ስንጽፍ 8ቱ ጡቦች በቦታቸው ገብተዋል። ከተሠሩት ከ3ቱ አንዱ በእቶኑ ውስጥ ስለ ተሰነጠቀ እንደገና ይሠራል። ቀለማቸው ከነባሮቹ ጥቂት ደመቅ ያለ ነው፤ እመቤቲቱ ግን ይህን እንደ ነውር አልቆጠሩትም።