የወጣቶች ደሴት ልጆች

የፉሪ ጎረቤቴ ስፓኒሽን እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገራሉ። አባታቸውን በ1969/70 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ያጡት እኚህ ሰው፣ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ከላካቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች አንዱ ነበሩ። በዚያች ጸጥተኛ የካሪቢያን ደሴት ግማሹን ቀን በትምህርት፣ ግማሹን በብርቱካን እርሻ ያሳልፉ ነበር።

«እዚያ ባይተዋርነቱ ጥቂት ወራት ነበር፤ እዚህ ግን አላለቀም» ይሉኛል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሥራ የጠየቁበት መሥሪያ ቤት ዲግሪያቸውን ሳይመለከት «የደርግ ልጅ» ብሎ ሸኝቷቸዋል።

አባታቸው የወደቁት ለአገር ዳር ድንበር ነው፤ ዕዳውም ከመንግሥት ጋር አይወድቅም። ለሟቾቹ በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት ቆሞላቸዋል። ለልጆቻቸውስ?

ዛሬም ተማሪዎቻችንን ባሕር ማዶ እንልካለን። ሲመለሱ «ማን ላካችሁ?» ከማለታችን በፊት «ምን ተማራችሁ?» ማለትን እንልመድ።