ቤተ ክርስቲያን የማትባርከውን ጋብቻ ሕግ ይመዝግበው?

ሙግት

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ክርክር በጁን 2025 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ካገኘ ወዲህ፣ በሜሪላንድና በአካባቢው በምንኖር አበሾች ዘንድ የቆየ ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል፦ ሃይማኖታችን የማይቀበለው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በምንኖርበት አገር ሕጋዊ ሆኖ መቀጠል አለበት ወይ? የሚሟገቱት ሁለቱ ጸሐፊዎች ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ይኖራሉ፤ የሚያስቀድሱትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እርሱ የሂሳብ ባለሙያና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ እርሷ ነርስ ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሂሳብ ባለሙያው፦ መቀጠል የለበትም

ቁጥር ሥራዬ ስለሆነ በቁጥር እጀምራለሁ። በ1996 ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ድርጅት አሜሪካውያንን ሲጠይቅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕጋዊ ይሁን ያሉት ከመቶ 27 ብቻ ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ30 በሚበልጡ ግዛቶች ጥያቄው በቀጥታ ለሕዝብ ቀረበ፤ ሕዝቡም ደጋግሞ፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብሎ በየግዛቱ ሕገ መንግሥት አስጻፈ። በኖቬምበር 2008 ካሊፎርኒያ ለባራክ ኦባማ ከመቶ 61 ድምፅ በሰጠችበት በዚያው ዕለት ይህን ጋብቻ በ52 ከመቶ ድምፅ ከለከለች። ያን ቀን የተቃወሙት ሁሉ ሰው ጠል ነበሩ የሚለኝ ካለ፣ ስንቱ በዚያው ወረቀት ላይ ለመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ምልክት እንዳደረገ ያስብ። በሜይ 2012 ሰሜን ካሮላይናም በ61 ከመቶ ድምፅ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈች።

ይህ ሁሉ ድምፅ በጁን 26 ቀን 2015 በአንድ ጠዋት ተሻረ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ዳኞች ፈቀዱ፣ 4ቱ ተቃወሙ። ከተቃወሙት አንዱ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ነበሩ፤ ጋብቻውን የሚደግፍ ሰው ደስ ሊለው ቢችልም ሕገ መንግሥቱ ግን ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ጽፈዋል። እኔ የመጣሁት ሕዝብ ሳይጠየቅ ሕግ ከላይ ከሚወርድበት አገር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሰጠው ድምፅ በአንድ ዳኛ ብልጫ ሲጣል ዝም ማለት አልችልም።

ጉዳዩ አብቅቷል፣ ሕዝቡ ተቀብሎታል ይሉናል። በጋሉፕ መለኪያ በ2022 እና በ2023 ድጋፉ ከመቶ 71 ደርሶ ነበር። በ2025 ወደ 68 ወረደ። በሪፐብሊካኖች ዘንድ ደግሞ ከ55 ወደ 41 ወርዷል። በጁን 2025 የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ ዳላስ ላይ ተሰብስቦ ውሳኔው እንዲሻር ጠይቋል። ያበቃለት ጉዳይ እንዲህ አይንቀሳቀስም።

አሁን ወደ ደጃችን ልምጣ። ይህ የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ ነው፣ እናንተን አይነካም ተብለን ነበር። በ2022 መገባደጃ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ጾታ ተጋቢዎች የሚገኙባቸውን የተረት መጻሕፍት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አስገቡ። በመጀመሪያ ልጁን ማስወጣት ለሚፈልግ ወላጅ ፈቀዱ። በማርች 2023 ፈቃዱን አነሡት። በዚያ በጋ ሮክቪል ላይ ኦርቶዶክስ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመው ጮኹ። ከጠየቁት ውስጥ መጽሐፍ ይቃጠል፣ መምህር ይባረር የሚል አልነበረም። ልጄ በእምነቴ ይደግ አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ሐቅ አላችሁ እስኪላቸው ሁለት ዓመት ፈጀ።

በ2007 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ኢትዮጵያውያንን ጠይቆ ነበር። ግብረ ሰዶምን ማኅበረሰቡ ሊቀበለው አይገባም ያሉት ከመቶ 97 ነበሩ። ከ193ቱ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ይህን ጋብቻ የሚመዘግቡት 40 አይሞሉም። እንግዲህ ከዓለም ተነጥለናል የምንባለው እኛ ነን ወይስ እነርሱ?

ነርሷ፦ መቀጠል አለበት

ወንድሜ የጻፉትን ሁሉ አነበብኩ፤ በዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል አንድም ሰው አላገኘሁም። እኔ ስለ ሰው እናገራለሁ።

ሜሪላንድ ሕጉን ከማጽደቋ በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል አንድ ሽማግሌ በካንሰር ለሞት ተቃርበው ተኝተው ነበር። ሾርባ የሚያጎርሷቸው፣ ጀርባቸውን የሚያሹላቸው፣ ሌሊት ሲቃዡ ስማቸውን ጠርተው የሚያረጋጓቸው ከጎልማሳነት ጀምሮ አንድ ቤት አብረዋቸው የኖሩት ሰው ነበሩ። ሕመምተኛው መናገር ሲያቅታቸው ከሌላ ግዛት የወንድማቸው ልጅ መጣ። ለዓመታት ጠይቋቸው አያውቅም። በሕግ ግን የቅርብ ዘመድ እርሱ ነበር። የመተንፈሻው መሣሪያ እንዲነሣ የፈረመው እርሱ ነው፤ አስከሬኑንም ይዞ ሄደ። እኚያ አዛውንት ቀብሩ የት እንደሆነ እንኳ የሚነግራቸው አላገኙም። እኛ ለቅሶ የማንቀር፣ ለማናውቀው ጎረቤት ድንኳን የምንተክል፣ በስደት አገር እንኳ ዕድር ያቋቋምን ሕዝብ ነን። እርሳቸው በዚያ ኮሪደር ቆመው ሐዘንተኛ መሆናቸውን የሚያውቅላቸው ሕግ አልነበረም።

ወንድሜ በአንድ ጠዋት ተሻረ ያሉት የ2015 ውሳኔ በማን ስም እንደሚጠራ አልጻፉም። ጂም ኦበርገፌል ይባላሉ፣ የኦሃዮ ሰው ናቸው። አብረዋቸው የኖሩት ጆን አርተር ጡንቻን እያዳከመ በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. በሽታ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ ኦሃዮ ስለማታጋባቸው በሕክምና አውሮፕላን ወደዚህ ወደ ሜሪላንድ መጡ። በጁላይ 11 ቀን 2013 በባልቲሞር ዋሽንግተን አየር ማረፊያ፣ ስንት ወንድሞቻችን በታክሲ መንገደኛ በሚያመላልሱበት በዚያ ቦታ፣ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ተጋብተው ተመለሱ። ጆን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሞቱ። ኦሃዮ በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያላገባ ብላ ልትጽፍ ነበር። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ይህች አንዲት መስመር ናት። የትዳር ጓደኛውን የቀበረ አማኝ ይህን አንብቦ ስለ 5 ለ4 ብቻ እንዴት እንደሚያወራ አይገባኝም።

እኔም እጾማለሁ፣ እቆርባለሁ። ቤተ ክርስቲያኔ ይህን ጋብቻ እንደማትባርክ አውቃለሁ፤ እንድትባርክ የጠየቀም የለም። በ2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት የጋብቻ ሕግ፣ የሃይማኖት ተቋማት ላላመኑበት ጋብቻ አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በግልጽ ጽፏል። እስቲ ሌላውን እንይ። ባሏን ፈትታ ሌላ ያገባችውን ሴት ካውንቲው ይመዘግባታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በተክሊል አታጋባትም። ካህናቶቻችን በዚህ ሲቸገሩ፣ እኛም የፍቺ ሕግ ይሻር ብለን ሮክቪል ስንወጣ አላየሁም። ፍቺ በየቤታችን ስላለ እንታገሠዋለን። ይህኛው የሌላ ሰው ስለሚመስለን በሌላው ላይ እንበረታለን።

ደግሞ ስለ ብዙኃኑ ድምፅ። በ1965 በቨርጂኒያ አንድ ዳኛ፣ ነጭ ወንድና ጥቁር ሴት ተጋብተው በተከሰሱበት መዝገብ፣ እግዚአብሔር ዘሮችን በየአህጉሩ ለይቶ ያኖረው እንዳይቀላቀሉ ነው ብሎ ፈረደ። ያ ዳኛ ስለ አምላክ የሚናገር መስሎት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ በ1967 ሲሽረው ሕዝቡ ገና አልተቀበለውም ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ጋሉፕ ሲጠይቅ እንዲህ ያለውን ጋብቻ የደገፉት ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ ነበር። ሕዝብ እስኪስማማ ይጠበቅ ቢባል ኖሮ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚዘምሩት የክልስ ልጆች ወላጆች ፖቶማክን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ወንጀለኛ ይሆኑ ነበር።

97 ከመቶ የሚለው ቁጥር ለወንድሜ ኩራት ነው፤ እኔን ያስጨንቀኛል። አገራችን ጉዳዩን በወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወህኒ የሚያስገባ አድርጋዋለች። 97 ሰው በተስማማበት ቤት ውስጥ ከቀሩት አንዱ የሆነ ልጅ ለማን ይናገር? ለነፍስ አባቱ? ለእናቱ? እንዲህ ያለ ልጅ በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ መድኃኒት በብዛት ውጦ ሲመጣ የምቀበለው እኔ ነኝ። ወላጆቹ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ የምመልሰው ይጠፋኛል።

የሂሳብ ባለሙያው መልስ

የእህቴን ሐዘን አላቃልልም። ነገር ግን የቨርጂኒያውን ዳኛ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ማስቀመጣቸውን ዝም ብዬ አላልፍም። የቆዳ ቀለም በቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት ሆኖ አያውቅም። ያ ዳኛ የተናገረው በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም። እኔ የማምነው ግን በዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ አለ፣ ጌታም በማቴዎስ 19 ደግሞታል። ጥቁር ስደተኛ ሆኜ ልጆቼን በዚህ አገር እያሳደግሁ ከዘረኛ ዳኛ ጋር መመሳሰሌ በጣም አሳዝኖኛል።

ማንም አልተገደደም ይላሉ። በቦስተን የካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሕፃናትን ለጉዲፈቻ የመስጠት ሥራውን በ2006 አቆመ፤ ለተመሳሳይ ጾታ ተጋቢዎችም ስጥ ስለተባለ ነው። በ2010 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በኮሎራዶ ጃክ ፊሊፕስ የተባሉ ኬክ ጋጋሪ በ2012 ለእንዲህ ያለ ሰርግ ኬክ አልሠራም ስላሉ ስድስት ዓመት ተጓተቱ፤ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 የግዛቲቱ ኮሚሽን እምነታቸውን በጥላቻ ዓይን እንዳየው ፈረደ። ፊላዴልፊያ የካቶሊኮችን የአሳዳጊ ቤተሰብ አገልግሎት በገፋች ጊዜ በ2021 የተፈረደባት በ9 ለ0 ነው። ዳኞቹ ሁሉ፣ ግራ ዘመሞቹም ጭምር!

የፍቺው ነገር እውነት ነው። ፍቺንም አልደግፍም።

የነርሷ መልስ

ወንድሜ ከዘረኛ ዳኛ ጋር አላመሳሰልኳቸውም፤ የሰውን ትዳር በብዙኃን ድምፅ መለካት የት እንዳደረሰን ነው ያነሣሁት። እርሳቸው ግን ያነበቡት ስለ ራሳቸው ክብር ብቻ ነው። ስለ ሽማግሌው አንድ ቃል አልጻፉም። ስለዚያ ልጅም አልጻፉም። ስለ ኬኩ ግን ዓመቱን ቆጥረው፣ የዳኞቹን ድምፅ ደምረው ጻፉ!

እሺ፣ በኬኩ እንነጋገር። 7 ለ2፣ 9 ለ0፣ 6 ለ3፦ የጠቀሷቸው ፍርዶች ሁሉ ለአማኙ የተፈረዱ ናቸው። ጋብቻው በመላው አገሪቱ ሕጋዊ ከሆነ በኋላ ማለት ነው። የእምነትን ነፃነት የሚጠብቀው ሕገ መንግሥት የእነዚያንም ትዳር እየጠበቀ አብሮ መኖር እንደሚችል እርሳቸው ራሳቸው በቁጥር አስረዱልኝ። በመጻሕፍቱ ጉዳይ እኔም ከወላጆቹ ጋር ነኝ፤ አንዲት እናት ልጄን አስወጡልኝ ስትል መደመጥ አለባት። ያን ለማግኘት ግን የማንም ትዳር መፍረስ አላስፈለገም።

ካሊፎርኒያንና ሰሜን ካሮላይናን ሲጠቅሱ ደግሞ የራሳችንን ግዛት ዘለሏት። በኖቬምበር 6 ቀን 2012 ሜሪላንድ ጥያቄ ቁጥር 6 ብላ ሕዝቧን ጠይቃለች። ዳኛ አልነበረበትም። 52 ከመቶ የሚሆኑት ጎረቤቶቻችን አዎ አሉ። በዚያው ወረቀት ላይ ቁጥር 4 ነበረ፤ ሰነድ የሌላቸው የስደተኛ ልጆች በነዋሪ ክፍያ ኮሌጅ እንዲማሩ የሚፈቅድ። እርሱም አለፈ። እነዚያ ሰዎች ቋንቋችንን አያውቁም፣ ጾማችንን አይጾሙም፣ ለእኛ ልጆች ግን ድምፃቸውን ሰጡ። እኔ በዚያች ዕለት ለሁለቱም አዎ ብያለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር የሄድኩት።

ዛሬ በዚህ አገር ከ800 ሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ባለትዳሮች አሉ። ብዙዎቹ ልጆች ያሳድጋሉ፣ የቤት ዕዳ ይከፍላሉ፣ በአንዱ የሥራ ኢንሹራንስ ሌላው ይታከማል። ወንድሜ ሕጉ ይሻር ካሉ፣ በማግስቱ ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ። ቤቱ በማን ስም ይቀራል? ልጁ ሲታመም ማን ይፈርማል? አንደኛው ሲሞት በምስክር ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል? ከጻፉት ሁሉ ውስጥ ለዚህ መልስ ፈልጌ አጣሁ።