ለቡናችን የምንሰጠውን ጸሐይ ለጨርቃችንም እንስጥ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

ሚዛን ላይ ቡና ያሰጣ ሰው ሰማዩ ሲጠቁር ሮጦ ይሰበስባል። እርጥበት ቡናን እንደሚያሻግት ማንም አይነግረውም። ታዲያ ፎጣውንና የሴቶችን የወር አበባ ጨርቅ እርጥብ እንዳለ በጓዳ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?

በየቤታችን ዕቃ የምናጸዳባቸው ዘዴዎች እኩል አይደሉም።

ማፍላት፦ ከሁሉም የሚታመነው ይኸው ነው። ጨርቁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ደምና እድፍ ካልለቀቀ ማፍላቱም በረኪናውም በደንብ አይሠራም። ከተማችን ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ ይቆይ። ከሰል ተወደደ ለምትሉ፣ በረካ ከተጠጣ በኋላ በቀረው ፍም ላይ ትንሽ ጨምሮ መጣድ ይቻላል።

በረኪና፦ 5 በመቶ የሆነው 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይበቃል። ግን ብረት ይበላል፣ ጨርቅ ያሳሳል፤ በደንብ ካልተለቀለቀም ቆዳ ያቃጥላል።

አረቄና ክብሪት፦ ጀርም የሚገድል አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ የቤት አረቄ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ምላጭ በክብሪት መለብለብም ጥላሸት ከመቀባት አያልፍም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስ ይቅር፤ ለየራስ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሴት ልጆች አባት ነኝ። ልጄ ጨርቋን ከፍራሽ ሥር ስትደብቅ አይቼ እንዳላየ አለፍኩ። ዛሬ ይቆጨኛል። የታጠበ ጨርቅ ሳይደርቅ ከተደበቀ ይሻግታል፤ ገላን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ልጅቷም ስላፈረች ለማንም አትናገርም። በረኪና ብንገዛላት እፍረቱን አያጥብላትም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ከማኅበሩ ግቢ ጸሐይ የሚያገኝ አንድ ጥግ በአጥር ተከልሎ ለእናቶችና ለልጃገረዶች የልብስ ማስጫ ገመድ ይዘርጋበት። ዝናቡ አልለቅ ሲልም ጨርቁን በካውያ ተኩሶ ማድረቅ ነው። አባቶችም በየቤታችን ነገሩን አንስተን እንነጋገር። ለቡና አልጋ ከሠራን ለልጆቻችን ገመድ መዘርጋት ያቅተናል እንዴ?

ከሰፈራችሁ ነዋሪ