ዓሣውን የጨረሰው መረብ ብቻ ነው ወይ?

ባለፈው እሑድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው የዓሣ ዋጋ ነው። ከጣና ዳር የመጣን ልጆች፣ ነጭ ዓሣ ዱሮ እንደ ልብ ይገኝ እንደነበር ከአባቶቻችን የሰማነውን ስናወራ፣ አብዛኛው ሠልጣኝ «አጥማጁ ጨረሰው!» ብሎ ፈረደ። እኔ በበኩሌ በዚህ ፍርድ አልስማማም።

አጥማጁ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ለቀው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች ሽቅብ እየወጡ ነው ዕንቁላል የሚጥሉት። በዚያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ያነሣታል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ እነዚህ ዓሦች ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ያጠኑት ሰዎች ዋናውን ጥፋት የጣሉት በመረቡ ላይ ነው። አልክድም።

ግን ከመረቡ ያመለጠችውስ? እርሷ የምትፈልገው ጠጠር ያለበት፣ ፈጠን ብሎ የሚወርድ፣ ጠራ ያለ ውኃ ነው። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ በክፍተቱ የሚያልፈው ውኃ ኦክሲጅን ያደርስለታል። ዕንቁላልም ይተነፍሳል እኮ! ደለል ሲመጣ ክፍተቱ ይደፈናል፤ ውኃው መዘዋወሩን ያቆማል፤ ዕንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። መረብ አልነካውም፣ ሰውም አላየውም።

ደለሉ ከየት መጣ? ከኛው ማሳ ነዋ! የቤተሰቤ እርሻ ወንዙ ዳር ድረስ ነው። ዳሩ ላይ የነበረውን ቁጥቋጦ የመነጠርነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ሁለት ትልም ለመጨመር ብለን። በተከታዩ ክረምት ሁለቱም ትልም ተንዶ ወንዝ ገባ። አባቴ ይህን ቢያነቡ «ታዲያ ምን እንብላ?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሁለት ትልም አንድ ቁና እህል እንኳ አልሰጠንም።

የተፈለፈለውም ጫጩት ቢሆን ገና አላለፈለትም። በበጋ ወንዙን በሞተር ስንስበው፣ በየኩሬው የቀረው ጫጩት ውኃው እየሞቀ ኦክሲጅኑም እያነሰ ያልቃል። ሐይቁ የደረሰው ደግሞ የሚሸሸግበት ደንገልና ረግረግ ለእርሻ እየተባለ ተመንጥሮ ይጠብቀዋል። (ስለ እምቦጭ ሁሉም ስለሚጮህ እኔ አልገባበትም።)

የሳይንስ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የዓሣ ክንፍና ቅርፊት የተሣለበት ወረቀት ይዘን ነው የምንሄደው። በክረምት መግቢያ ከወንዝ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ድፍርስ ውኃ ይዘን ብንገባስ? ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ በማግሥቱ ከሥሩ የዘቀጠውን ልጆቹ በማስመሪያ ይለኩት። አብዛኞቹ እንደኔው የገበሬ ልጆች ናቸው፤ አፈሩ ከማን ማሳ እንደመጣ አይጠፋቸውም።